በየዕለቱ በሚበላው እህልና ዓሣ ውስጥ ስለሚገባው መርዝ፤ በጎጃም ደጋ ላሉ ሹማምንትና ባለ መሬቶች የተጻፈ መግለጫ

ጎጃም የእህል አገር መሆኑ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደጀን መንገድ የሚወርድ ሰው የጤፉንና የስንዴውን ማሳ፣ ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣው ደግሞ የገብሱንና የድንቹን እርሻ ይመለከታል። ይህም እህል የሚበላው በዚያው በበቀለበት አገር ብቻ አይደለም፤ ከፊሉ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባና ሌላ ከተማ ይደርሳል። ስለዚህ በአንድ የጎጃም ጎተራ የተደረገ ስሕተት በዚያ ጎተራ ባለቤት ላይ ብቻ አይቀርም፤ ጎጃምን በዐይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ማዕድ ላይ ይደርሳል።

ካለፉት ጥቂት ዐሠርት ዓመታት ወዲህ ገበሬው ዐረምን በእጁ ከመንቀል ይልቅ በሚረጭ ኬሚካል ማድረቅን፣ ነቀዝንም በአመድና በጭስ ከመከላከል ይልቅ በዱቄትና በክኒን መግደልን ለምዷል። በዚህም የሰው ጉልበት መዳኑ፣ ምርቱም ከተባይ መትረፉ አይካድም። ነገር ግን ተባይን የሚገድል ነገር ሰውንም የሚጎዳ መሆኑን ሻጩ ለገዢው፣ ገዢውም ለቤተ ሰቡ በደንብ ሳይነግር ነገሩ በየቤቱ ገብቷል። አሁን የሚያስፈልገው ኬሚካሉን ፈጽሞ መከልከል ሳይሆን፣ የት ላይ እንደሚጎዳና እንዴት እንደሚጎዳ ሕዝብን የሚያስተዳድረው ሰው ለይቶ ማወቁ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ይገባል። በገበያም በመንደርም ይህ ሁሉ መርዝ የሚጠራው «መድኃኒት» ተብሎ ነው፤ የዐረም መድኃኒት፣ የነቀዝ መድኃኒት፣ የተባይ መድኃኒት ይባላል። በአማርኛ መድኃኒት የሚለው ቃል ከጥንት ጀምሮ ሁለት ፊት እንዳለው ሽማግሌዎች ያውቃሉ፤ የሚያድነውም መድኃኒት ነው፣ በምስጢር ሰው የሚገደልበትም «መድኃኒት አደረገበት» ይባልለታል። በቃሉ ውስጥ ያለው ይህ ሁለተኛው ፊት ግን ዛሬ ተረስቶ፣ ወጣቱ ገበሬ የሚሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ሆኗል። በዚህም ምክንያት የነቀዙን ክኒን ከራስ ምታት ክኒን ጎን በአንድ መደርደሪያ የሚያስቀምጥ፣ የልጆችን ራስ ከቅማል ለማጽዳት የተባይ ዱቄት የሚቀባ ሰው ይገኛል። በስብሰባ ላይ የሚናገር ሹምም ሆነ የልማት ሠራተኛ ይህን ነገር በግልጽ «መርዝ» ብሎ ቢጠራው ከብዙ ትምህርት የሚበልጥ ሥራ ይሠራል።

መርዝ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ አንዳንዱ ደግሞ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ገብቶ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ይታያል። ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ለማስረዳት ለጎጃም ሰው ሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም፤ ጓያን ያውቀዋል። ጓያ በውሃ በተኛ ጥቁር አፈር ላይም በድርቅም ጊዜ የማይከዳ እህል ስለሆነ በችግር ዓመት ሌላው ሲጠፋ እርሱ ይገኛል። በፍሬው ውስጥ በተፈጥሮ ያለው መርዝ ግን እርሱን ብቻ ለሳምንታት የበላውን ሰው፣ ይልቁንም ወጣት ወንዶችን፣ እግራቸውን ያሰናክላል፤ የተሰናከለውም እግር ተመልሶ አይድንም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ፣ ከ1987 እስከ 1991 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ደግሞ በወሎ በደላንታ ይህ በሽታ በብዙ ሰው ላይ ወርዷል። ሐኪሞቹ መርምረው ያገኙት ነገር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ጓያውን እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን የበሉት በብዛት ሲጎዱ፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉት ግን ጉዳታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ብዙ ሰው እግርን የሚሰብረው የጓያው እንፋሎት ነው ብሎ ያምናል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ግን ከመብላት ነው። ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር በዛሬ በልቶ ነገ ምንም አለመሆን የምግቡን ደኅንነት እንደማያስረዳ ነው።

ፈጥኖ ከሚገድለው ወገን በጎጃም ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚያሰጋው ለነቀዝ ተብሎ በየጎታው የሚጨመረው ክኒን ነው። የዚህ ክኒን ስሙ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሲሆን፣ በገበያ ፎስቶክሲን በሚል ስም ይበልጥ ይታወቃል። ክኒኑ ራሱ ነቀዙን አይገድልም። በአየርና በእህሉ ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል የማይታይ ጋዝ ይወጣዋል፤ ነቀዙን የሚገድለውም ይህ ጋዝ ነው። ሦስት ግራም የሚመዝነው አንድ ክኒን አንድ ግራም ያህል ጋዝ ይሰጣል። ይህ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን መስኮቷ በተዘጋ ጠባብ ቤት ውስጥ ጥቂት ክኒን ቤተ ሰብን ለመጨረስ ይበቃል።

ክኒኑን የሠሩት ሰዎች ያሰቡት ለትልቅ መጋዘን ነው፤ መጋዘኑ ሰው የማያድርበት፣ እህሉ በሸራ ተሸፍኖ ዙሪያው የሚታሸግ፣ ሥራውንም የሚሠራው አፍንጫውንና አፉን በልዩ ጭምብል የሸፈነ የተማረ ሰው እንዲሆን ነው። በገጠሩ ቤት ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። ጎታው ከጭቃና ከጭድ ተለስኖ የሚቆመው ከመኖሪያው ቤት ውስጥ ነው፤ ልጆች የሚተኙበት መደብም ከእርሱ ሁለት ክንድ አይርቅም። ጭቃው በደረቀ ቁጥር ይሰነጠቃል። ጋዙም ከአየር ጥቂት ከበድ የሚል ስለሆነ በስንጥቁ ወጥቶ ወደ ወለሉ፣ ማለትም ሕፃናት ወደሚተኙበት ይወርዳል። የሌሊቱን ብርድ ለመከላከል በር በተዘጋ ጊዜ ነገሩ ይከፋል። የተጎዳው ሰው መጀመሪያ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስታውከዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ደረቱን ያፍነዋል፤ ይህንንም የበላው ምግብ ያመጣበት ወይም ምች የመታው ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ ልቡ ይደክማል። ለዚህ ጋዝ ማርከሻ የሚሆን መድኃኒት እስካሁን በዓለም አልተገኘም፤ ሐኪሙ ማድረግ የሚችለው እስትንፋሱንና ልቡን እየረዳ መጠበቅ ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው «ሽታው ያስታውቃል» ይላል። ሽታ እንዳለው፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ እንደሚመስልም እውነት ነው፤ ነገር ግን ሽታው ሁልጊዜ አይኖርም፣ የተኛ ሰውም ሽታ አይለይም።

እንግዲህ በዚህ ነገር ላይ የሚሰጠው ትእዛዝ አጭር መሆን ይገባዋል፤ ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ይህ ክኒን በምንም ምክንያት አይገባም። ሰፊ መሬት ያላቸውና ብዙ እህል የሚያከማቹ ባለ እርሻዎች ከቤት የራቀ መጋዘን ካላቸውና የሠለጠነ ሰው ካገኙ ይጠቀሙበት፤ ከታሸገ በኋላም በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቀን እስኪሞላ ማንም አይግባ፣ ከተከፈተም በኋላ እህሉ በደንብ ሳይናፈስ ወደ ወፍጮ አይሂድ። ክኒኑ አልቆ የቀረው ግራጫ ዱቄት ከእህሉ ተለይቶ ይቀበር እንጂ ከእህሉ ጋር አይፈጭ።

ለድኻው ገበሬ ክኒኑን ብቻ ከልክሎ መመለስ ግን ፍርድ አይሆንም፤ ነቀዝ ከዓመት ቀለቡ ላይ ድርሻውን ወስዶበት ያውቃልና። የሚከተለውም ምክር አብሮ ይሰጠው። ጤፍ ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ለጤፍ ጎተራ ክኒን መግዛት ገንዘብን መጣል ነው። የሚነቅዙት በቆሎ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ሽምብራ ናቸው። እነዚህን አባቶች ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ወይም አመድ ነስንሰው ያኖሩ የነበሩት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በፍሬውና በፍሬው መካከል ያለው ቀዳዳ ሲደፈን ነቀዙ መንቀሳቀሻና መተንፈሻ ያጣል። ዛሬም በዚህ በአባቶች ዘዴ ላይ የቆመ፣ ከውስጥ ሁለት ላስቲክ ያለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ወጥቷል፤ ፒክስ ይባላል። እህሉ በደንብ ደርቆ በውስጡ ሲታሰር ነቀዙ ያለውን አየር ጨርሶ በራሱ ይሞታል፤ አንዳች መርዝም አያስፈልግም። የወረዳ ሹም ይህ ከረጢት በኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ከመኸር በፊት እንዲደርስ ቢያደርግ፣ ክኒኑን በዘበኛ ከማስጠበቅ ይልቅ ይቀለዋል።

ከጎተራ ቀጥሎ የሚመጣው የዘር ነገር ነው። በቡሬ፣ በጃቢ ጠህናንና በዙሪያቸው ባለው የበቆሎ አገር ገበሬው የሚገዛው ምርጥ ዘር ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ሌላ ቀለም የተቀባ ነው። ቀለሙ ለጌጥ አይደለም፤ ዘሩ ከመሬት በታች በሻጋታና በትል እንዳይበላ በመርዝ የታሸ መሆኑን ለማስታወቅ የተደረገ ምልክት ነው። ዝናብ ዘግይቶ ዘሩ ሳይዘራ ሲቀር፣ ወይም በክረምት ቀለብ ሲያልቅ፣ ይህን ዘር አጥቦ ለመብላት የሚፈተን ሰው ይኖራል። በዚህ ነገር የኢራቅ ሕዝብ የደረሰበትን ማወቅ ይጠቅማል።

በ1964 ዓ.ም. የኢራቅ መንግሥት ከድርቅ በኋላ ለገበሬዎቹ ከውጭ አገር የመጣ ብዙ የስንዴና የገብስ ዘር አደለ። ዘሩ ከሻጋታ እንዲጠበቅ ሜርኩሪ ባለበት መርዝ ታሽቶ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። በከረጢቶቹ ላይ ማስጠንቀቂያ ነበረ፤ ነገር ግን የተጻፈው የአገሩ ገበሬ በማያነበው ቋንቋ ነበር፤ የራስ ቅል ሥዕሉም ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ዘሩ በብዙ ቦታ የደረሰው የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ገበሬዎቹም ሞኞች አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ ዘሩን በውሃ አጠቡትና ቀለሙ ሲለቅ መርዙም የለቀቀ መሰላቸው። አንዳንዶቹም አስቀድመው ለዶሮና ለከብት ሰጥተው ለጥቂት ቀን ጠበቁ፤ ዶሮዎቹ ምንም ስላልሆኑ ዱቄቱን ለቤተ ሰባቸው ጋገሩት። መርዙ ግን ከሳምንታት በኋላ የሚነሣ ነበረ። መጀመሪያ እጅና ከንፈር ደነዘዘ፤ ቀጥሎ አካሄድ ተንገዳገደ፣ ዐይን ፈዘዘ፣ ጆሮ ደነቆረ። እናታቸው ከዚያ እንጀራ የበላች ሕፃናትም አእምሯቸው ተጎድቶ ተወለዱ። ሆስፒታል የገቡት ሰዎች 6,530 ነበሩ፤ ከእነርሱም በዚያው በሆስፒታል 459 ሞቱ። በየቤቱ የሞተውና ሆስፒታል ያልደረሰው በዚህ ቁጥር ውስጥ አልገባም። መንግሥቱም ነገሩን ዐውቆ በጥብቅ በከለከለ ጊዜ፣ ቅጣት የፈሩ ሰዎች የተረፈውን ዘር በየሜዳውና በጤግሮስ ወንዝ ጣሉት።

ሜርኩሪ ያለበት የዘር መርዝ ዛሬ በዓለም ሁሉ እየተከለከለ ቀርቷል፤ አሁን ዘር የሚታሽበት ኬሚካል ከእርሱ የቀለለ ነው። ይሁን እንጂ የቀለለ ማለት የሚበላ ማለት አይደለም። የኢራቅ ነገር ለሹማምንት የሚያስተምረው ሦስት ስሕተት አንድ ላይ መገናኘቱን ነው፤ ዘሩ ከጊዜው ዘግይቶ ደረሰ፣ ጽሑፉ ሕዝቡ በማያነበው ቋንቋ ተጻፈ፣ ሕዝቡም ርቦት ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ የአስተዳደር ስሕተት ናቸው። ስለዚህ የታሸ ዘር የሚያከፋፍል ሹም ዘሩ ከመዝሪያው ወቅት አስቀድሞ መድረሱን፣ ያልተዘራውም ዘር ተቆጥሮ ወደ መጋዘን መመለሱን ማረጋገጥ ይገባዋል፤ የገበሬው ሚስት በሌለችበት ስብሰባ «አይበላም» ብሎ መናገርም በቂ አይደለም፤ ወደ ወፍጮ የሚሄደውን እህል የምትመርጠው እርሷ ናትና።

በእርሻ ላይ ወደሚረጨው ስንመጣ፣ በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ ከሁሉ የሚበዛው ገበሬው ቱፎርዲ የሚለው የዐረም መርዝ ነው። ይህ መርዝ የሚረጨው አዝመራው ገና ለጋ ሳለ ስለሆነ፣ በጊዜውና በልኩ ከተረጨ በፍሬው ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው፤ የሚጎዳው ይበልጡን የሚረጨውን ሰው ነው። መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ ባዶ እግሩን፣ በነፋስ አንጻር እየሄደ የሚረጭ ወጣት መርዙን በቆዳውም በእስትንፋሱም ይጠጣዋል። ሲረጭ ውሎ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የሚቆርስም ብዙ ነው። በበጋ በመስኖ የሚበቅለው አትክልት ግን ከዚህ ይለያል። ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን በትልና በሻጋታ ስለሚጠቁ በአንድ ወቅት ብዙ ጊዜ ይረጫሉ፤ በጮቄ ግርጌ ያለው ድንችም ቅጠሉን በሚያጠቁረው በሽታ ምክንያት እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ኬሚካል ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚለቀም በማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ገበያው ግን ቀን አይጠብቅም፤ ነጋዴ በመኪና ከመጣ ትናንት የተረጨው ቲማቲም ዛሬ ይለቀማል። ለበላተኛው ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። በቤት ውስጥ በደንብ ማጠብ በልጡ ላይ ያለውን ከፊሉን ያስለቅቃል፣ የጎመኑን የውጭ ቅጠል መጣልና ድንቹን መላጥም ይረዳል፤ ወደ ውስጥ የሚዘልቀውን ዓይነት ግን ውሃ አያወጣውም። ስለዚህ ዋናው ጥበቃ ያለው በማሳው ላይ እንጂ በወጥ ቤት አይደለም።

ስለ ዲዲቲም መነገር አለበት። ይህ ዱቄት በኢትዮጵያ ቆላ አገር ሁሉ ለወባ ትንኝ መከላከያ ለብዙ ዓመታት በየቤቱ ግድግዳ ተረጭቶ ብዙ ሕይወት አድኗል፤ ትንኟ ስለ ለመደችው ግን ለዚያ ሥራ መዋሉ ቀርቷል። ችግሩ ለወባ የመጣው ከየመጋዘኑ እየወጣ ለእህልና ለጫት መረጨቱ ነበር። ዲዲቲ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይበሰብስ ይኖራል፤ በሰውና በከብት ስብ ውስጥ ይከማቻል፤ በወተትም ይወጣል፤ ሲቀቀልም አይጠፋም። በ2006 ዓ.ም. በጅማ አካባቢ ከገበያ በተወሰደ ጤፍ፣ በቆሎ፣ በርበሬና ቡና ላይ የተደረገ ምርመራ ዲዲቲና ሌሎችም የተባይ መርዞች በእህሉ ውስጥ መገኘታቸውን አሳይቷል፤ በዚያው አገር በሚያጠቡ እናቶች ወተት ውስጥም ተገኝቷል። ጎጃም ከጅማ ይሻላል ብሎ ለመተማመን የሚያበቃ ምክንያት የለም፤ ነጋዴው አንድ ነውና። ንብ የሚያረቡ ባላገሮች በማሳ አበባ ወራት ንቦቻቸው በቀፎው ደጅ ረግፈው ሲያገኙ ለሹም የሚያቀርቡት አቤቱታም እንደ ተራ ጠብ መታየት የለበትም፤ በዚያ ቀበሌ ያለ አግባብ መርዝ እንደተረጨ ከምስክር ሁሉ ቀድማ የምትናገረው ንብ ናት።

በዝናብ የታጠበው ሁሉ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ጨሞጋም፣ ሙጋም፣ ተምጫም ወደ አባይ ይወርዳሉ፤ ግልገል አባይ ደግሞ ከሰከላ ተነሥቶ ጣና ይገባል። ከእርሻ የሚታጠበው ነገር ሐይቅ መድረሱን ለማየት የሚፈልግ ሰው ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የጣናን ዳር የሸፈነውን እንቦጭ ይመልከት፤ አረሙ እንዲህ የሚፋፋው ከየማሳው ከሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ እየተመገበ ነው።

ዓሣን በመርዝ መያዝ በጎጃምና በበጌምድር አዲስ ነገር አይደለም። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ በወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣው መተንፈስ አቅቶት ሰክሮ ይንሳፈፋል። በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ሮቴኖን ይባላል፤ በፀሐይና በእሳት ይፈርሳልና ተቀቅሎ የተበላው ዓሣ ሰውን ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ወንዙን ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ይፈጃልና። ይልቁንም በጣና ብቻ የሚገኙት፣ ከዐሥራ አምስት የማያንሱት የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አብዛኞቹ በክረምትና በመስከረም እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉት ወንዞች ሲወጡ ብርብራ ይጠብቃቸዋል። ዛሬ የሚያሰጋው ደግሞ ብርብራ መውቀጥ የሰለቸው ሰው ከሱቅ የገዛውን የተባይ መርዝ በምትኩ ወደ ወንዝ እንዳያፈስስ ነው። ይህኛው እንደ ብርብራው በድስት አይጠፋም፤ ከወንዙ የሚጠጣው ሰውና ከብትም ከዓሣው ጋር ይጎዳል። ብዙ ዓሣ ቁስል ሳይኖርበት በአንድ ቀን ተንሳፍፎ ሲገኝ፣ በጾም ወራት ዋጋው ከፍ ቢልም እንኳ ለገበያ እንዲቀርብ ሹም አይፍቀድ፤ ከወንዙም በታች ላሉት መንደሮች በዚያው ሰዓት ይነገራቸው። ዓሣ የሚያዝበትን ሥርዓት የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷልና የሕግ መሠረትም አይጠፋም።

በዓሣ የሚመጣው ሌላው ጉዳት ሜርኩሪ ነው። በጃፓን አገር ሚናማታ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንድ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ለብዙ ዓመታት ወደ ባሕር አፈሰሰ። ዓሣውን የበሉ ድመቶች አብደው ወደ ባሕር እየዘለሉ ሞቱ፤ ቀጥሎም ዓሣ አጥማጆቹና ልጆቻቸው ሽባ ሆኑ። በሽታው የተገለጸው በ1948 ዓ.ም. ነው፤ መንግሥት ምክንያቱ የፋብሪካው ፍሳሽ ነው ብሎ ያመነው ግን በ1961 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባለፉት ዐሥራ ሁለት ዓመታት ፍሳሹም መብላቱም አልቆመም ነበር። በጎጃም እንዲህ ያለ ፋብሪካ የለም። ነገር ግን ሜርኩሪ በአፈር ውስጥ በተፈጥሮም ይገኛል፤ ትንሹን ዓሣ ትልቁ ሲበላው እየተከማቸ ይሄዳል። በሐዋሳ ሐይቅ በተደረገ ምርመራ ሌላ ዓሣ የሚበላው ትልቁ ነጭ ዓሣ በሥጋው ውስጥ ከሌሎቹ እጅግ የበለጠ ሜርኩሪ ይዞ ተገኝቷል። አልጌ የሚበላው ቆረሶ ግን ጥቂት ብቻ ነው የሚይዘው።

ይህ ነገር ለጎጃም የሚመለከተው በግድቡም ምክንያት ነው። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጉባ ላይ የአባይን ውሃ አስተኝቶ ሰፊ ሐይቅ ሆኗል፤ ዓሣውም እየተጠመደ ነው። በሌሎች አገሮች ብዙ ግድቦች እንደታየው፣ ደንና ሣር የነበረበት መሬት በውሃ ሲሸፈን በአፈሩ ያለው ሜርኩሪ ወደ ዓሣ ሥጋ በሚገባ መልክ ይለወጣል፤ ይህም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይበረታል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ዓሣ መብላት በዚህ ምክንያት ይቅር አይባልም፤ ሥጋ ለማይገኝበት ቤት ጥሩ ምግብ ነው። ነፍሰ ጡር ሴቶችና ሕፃናት ግን ከትልልቁና ዓሣ ከሚበላው ይልቅ ቆረሶውን ቢመርጡ የተሻለ ነው፤ ከግድቡ የሚመጣውም ዓሣ በየጊዜው እንዲመረመር የሚመለከታቸው ሹማምንት ከአሁኑ ቢጠይቁ ሚናማታ የጠፋውን ዐሥራ ሁለት ዓመት ያተርፋሉ።

ሕጉን በሚመለከት፣ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ኬሚካል እንዳይገባና እንዳይሸጥ፣ ሻጩም ፈቃድ እንዲኖረው ያዝዛል። በገበያ ቀን ግን የሚታየው ሌላ ነው። መርዙ ከትልቁ ዕቃ ተቀድቶ ሕዝቡ ሃይላንድ እያለ በሚጠራው የላስቲክ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ስሙ፣ ልኩ፣ የሚጠበቅበት ቀን ያልተጻፈበት፣ በመልኩም ከጠጅ ወይም ከዘይት የማይለይ ሆኖ ከበርበሬና ከጨው ጎን ይቀመጣል። ባለ ሱቁ ጥቂት የሚገዛውን ድኻ ለመርዳት ያደረገው ሊሆን ይችላል። ሹሙ ሱቁን ዘግቶ ቢሄድ ሽያጩ ወደ ጓዳ ይገባል እንጂ አይቀርም፤ ይልቅስ ኩባንያዎቹ በትንንሽ ዕቃ፣ በአማርኛ ጽሑፍ የታሸገ እንዲያቀርቡ ማስገደድ ይሻላል። ባዶውም ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ውሃ፣ ጠላ ወይም ዘይት አይያዝበትም። ባዶ ጀሪካን ዋጋ ስላለው ገበሬው አይጥለውም፤ ስለዚህ በሥሩ ተበስቶ ለልማት ሠራተኛው የሚመለስበት ቦታ በየቀበሌው ይዘጋጅ። ጊዜው ያለፈበት መርዝም በመጋዘን ጥግ አይረሳ፤ ኢትዮጵያ በቀደሙት ዓመታት እንዲህ ተረስቶ የተከማቸ በሺህ የሚቆጠር ቶን መርዝ ኖሯት፣ ለማቃጠል ከፊሉን በመርከብ እስከ አውሮፓ መላክ ግድ ሆኖባታል።

በመጨረሻ ሰው በተመረዘ ጊዜ የሚደረገው ነው። ምራቁና ላቡ የሚፈስስ፣ የዐይኑ ብሌን የጠበበ፣ ሥጋው የሚንቀጠቀጥ ሰው ካንዱ የተባይ መርዝ ወገን የተመረዘ ነውና፣ ለዚህ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ በሆስፒታል አለ። ልብሱ ይውለቅ፣ ገላው በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ጋዝ የሸተተው ከሆነ ፈጥኖ ወደ ውጭ አየር ይውጣ፣ የሚያወጣውም ሰው ትንፋሹን ይዞ በርና መስኮቱን አስቀድሞ ይክፈት። ወተት ወይም ቅቤ ማጠጣት በየቤቱ የተለመደ ነው፤ ይህ መርዙን አያበርደውም፣ አንዳንዱን መርዝ እንዲያውም ወደ ደም ያፈጥነዋል፤ ጊዜም ይፈጃል። የታመመውን ሰው ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የሚሄዱ ዘመዶች መርዙ የነበረበትን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ የትኛውን መድኃኒት እንደሚሰጥ የሚያውቀው ከዚያ ጽሑፍ ነውና።